አባሎን የመረመርሁበት ዓመት

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የላቦራቶሪ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ተገኘ መጀመሪያ ያሳየኝ ማይክሮስኮፑን ሳይሆን የውኃ በርሜሉን ነበር። ውኃ የሚመጣው ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ከማንኛውም ናሙና በፊት በርሜሉ መሙላት እንዳለበት ነገረኝ። ቀጥሎ ወንበሬን አሳየኝና፣ እዚህ አገር ወባን፣ ካላዛርንና የሰገራ ትልን ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ሥራውን አውቋል ማለት ነው አለ። እስከ ምሳ ድረስ የደም ስላይድ ስቀባ ዋልሁ። ነጭ ጋወኔ በላብ ርሶ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ዳባት ደጋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ሙቀት አላውቅም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነሰረኝ። አቶ ተገኘ ጥጥ አቀበለኝና ሥራህን ቀጥል አለኝ።

የሆስፒታሏን ስም አልጠራም። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው አስፋልት ዳር፣ ከሸሕዲ ከተማ በሚኒባስ ብዙም የማትርቅ ናት። እዚያው ከጀማሪ ቴክኒሻንነት ተነሥቼ ቴክኖሎጂስት ሆንሁ፤ አቶ ተገኘ ጡረታ ሲወጣ የክፍሉ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። አሁን እኔም ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለባልደረቦቼ፣ በተለይም በየወረዳው የካልቸር፣ ማለትም ተህዋሲ አብቅሎ የማየት፣ ምርመራ ለሚጀምሩት ወጣቶች ነው።

በቆላው የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ሰው ይጎርፋል። ሸሕዲ መናኸሪያ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በትራክተር ተሳቢ ተጭነው ወደየእርሻው ይበተናሉ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፣ ይረግፋል። ስለዚህ ማጭድ የቆረጠው ሰው እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ያጭዳል። በየካምፑ ከሱዳን በኩል የገባ ክኒን በፍሬ ይሸጣል። ሰዉ ቴትራሳይክሊኑን ፈትቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ይውጣል፣ ሻል ሲለው ይተወዋል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ነው።

ለብዙ ዓመት እነዚህን ቁስሎች ያከምናቸው በግምት ነበር። ሐኪሙ ያዛል፣ ነርሷ ትወጋለች፣ ቁስሉ ባለበት ይቆያል። በኋላ ግን ከበላይ አካል አንድ ኢንኩቤተር፣ ተህዋሲ የሚበቅልበት የሙቀት ሣጥን፣ እና አንድ ካርቶን ፔትሪ ዲሽ የሚባሉ ትንንሽ ሳህኖች ተላኩልን፤ እኔም ጎንደር ወጥቼ ሥልጠና ወሰድሁ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። መግሉን በስዋብ፣ ጫፉ ጥጥ በተጠቀለለበት ስንጥር፣ ትወስዳለህ፣ ተህዋሲውን ታበቅላለህ፣ ከዚያ አጋር በሚባለው፣ ሳህኑ ላይ በረጋው የተህዋሲ ምግብ ላይ በስሱ ትቀባውና መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ የወረቀት ክቦችን ታስቀምጥበታለህ። በማግሥቱ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ታያለህ። ቀለበቱን በማስመሪያ ትለካለህ።

የእኛዎቹ ሳህኖች ቀለበት አልነበራቸውም። ተህዋሲው እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ድረስ ሞልቶ ይገኛል። ጠቅላላ ሐኪማችን ዶክተር ብሩክ ውጤቱን ሲያይ ምን ልዘዝ ታዲያ ይለኛል። አንድ ወይም ሁለት መድኃኒት ቢሠራ እንኳ በእኛ ፋርማሲ የማይገኝ ይሆናል። ከጎንደር እስኪመጣ ቀን ይወስዳል፤ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው እትዬ ፋጡማን ያወቅኋቸው። ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ሸሕዲ ገበያ ዳር ቅመማ ቅመም የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ከሱቃቸው ጀርባ ባለው ዳስ የሠራተኞችን ቁስል ያክማሉ። ዳሱ ውስጥ ሁለት አንገረብ፣ እነዚያ በገመድ የተጠለፉት የሱዳን አልጋዎች፣ እና አንድ ትልቅ ድስት አለ። ሆስፒታላችን ተስፋ የቆረጠበት አንድ የትራክተር ሹፌር ከወር በኋላ በእግሩ ሲሄድ አየሁት። ማን አከመህ ስለው የፋጡማ አባሎ ነው አለኝ።

በማግሥቱ ሄድሁ። ሥራዬን ስነግራቸው አልደነገጡም፣ አልተደበቁኝምም። ውኃ በጨው ያፈላሉ። በእሱ ቁስሉን ደጋግመው ያጥባሉ፣ የሞተውን ሥጋ በመቀስ ያነሣሉ። ከዚያ የአባሎ ዛፍ ልጥ አፍልተው በጭማቂው ይለቀልቁታል፣ በፈላ ውኃ በታጠበ ጨርቅ ያስሩታል። ጨርቁ በየቀኑ ይለወጣል። ጥልቅ ቁስል ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው።

«አጥንት የነካ የእኔ አይደለም» አሉኝ። «እሱን ለእናንተ ነው የምልከው።»

ልጡን ልመርምረው ብላቸው በዘንቢል ሙሉ ሰጡኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያገኘኸውን መጥተህ ንገረኝ፣ እኔም ማወቅ እሻለሁ አሉ። ቃል ገባሁላቸው።

ልጡን በጥላ አደረቅሁት፣ ወቀጥሁት፣ በአልኮል ዘፍዝፌ ሦስት ቀን አቆየሁትና በማጣሪያ ወረቀት አጠለልሁት። ቀይ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ወጣው። ከበሽተኞች ያገኘኋቸውን፣ ለመድኃኒት አልበገር ያሉ አምስት ተህዋስያን መረጥሁ። አጋሩ ላይ በፒፔት ጫፍ ጉድጓድ ቆረጥሁና ፈሳሹን ሞላሁ፤ ወፍራሙን በአንዱ፣ የቀጠነውን በሌላው። የቀረን አጋር ጥቂት ስለነበር በአንድ ሳህን ላይ የሚችለውን ያህል ጉድጓድ አወጣሁ። ሁሉንም ጉድጓድ በአባሎ ሞላሁት።

ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍት በአምስቱም ሳህን ላይ ቀለበት አለ። ወፍራሙ ፈሳሽ ያለበት ጉድጓድ ዙሪያው ሰፊ ነው፣ የቀጠነው ጠበብ ይላል። ሆስፒታሉ ያለውን መድኃኒት ሁሉ የናቀ ተህዋሲ ከአባሎው ሸሽቷል። ማስመሪያውን አንሥቼ ደጋግሜ ለካሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ወባ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የራሴ የምለው ነገር አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ዶክተር ብሩክን ጠራሁት። ሳህኖቹን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አያቸው። ጥሩ ነው፣ ግን ገና ነው፣ ሌላ ሰውም ይድገመው አለኝ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉቀን ግን ገና የሚባል ነገር አልወደደም። የዞን የሥራ ግምገማ ደርሶበታል፤ ሆስፒታሉ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። በአንድ ገጽ ጻፈው አለኝ። ጻፍሁት። ሳህኖቹን በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አሳረፈበት፣ ይዞት ሄደ። ሲመለስ በጣም እንደተወደደ ነገረኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

የወረቀቱን ቅጂ ይዤ ሸሕዲ ሄድሁ። እትዬ ፋጡማ ፊደል ስላልቆጠሩ አነበብሁላቸው። ጨርሼ ቀና ስል ግንባራቸውን ቋጥረው ያዩኛል።

«ገደለ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ቁስል የሚያበላሸው ተህዋሲ በአባሎው ሞቷል ማለት ነው።»

«የእናንተ መርፌ ያልገደለውን?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው በላስቲክ ጠቀለሉትና ከሱቁ መደርደሪያ በላይ በሚስማር ሰቀሉት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፎቶ ኮፒው በገበያው ውስጥ ሌሎች ሱቆች ላይም ተለጥፎ አየሁ። ልጥ ሸጠው የማያውቁ ሰዎች የአባሎ ዱቄት በፌስታል ቋጥረው፣ በሆስፒታል የተረጋገጠ እያሉ ይሸጡ ጀመር። ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ፤ ሆኖም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

አጨዳው በተጋመሰ ሰሞን ጌታሰው የሚባል የጎጃም ሰው መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን አገር ቤት ትቶ የወረደ። ማጭድ ቅልጥሙን ቆርጦት ቁስሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ካልቸር ሠራሁለት። ለተህዋሲው የሚሆን አንድ መድኃኒት ብቻ ተገኘ፤ እሱም ከጎንደር የሚመጣ ነው። ዶክተር ብሩክ አልጋ ያዝ፣ መድኃኒቱ እስኪመጣ ቁስልህን እናጥብልሃለን አለው። በዚያው ሳህን ጥግ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ከተረፈኝ አባሎ አንድ ጉድጓድ ሞልቼ ነበር። ሰፊ ቀለበት ሠራ።

ጌታሰው ውጤቱን ሊወስድ በዱላ እየተደገፈ ወደ ላቦራቶሪው መጣ። አልጋ መያዙ አስጨንቆታል፤ አሠሪው በቦታው ሌላ ሰው እንዳይተካበት ፈርቷል።

«ጋሼ» አለኝ፣ «የሸሕዲዋን ሴትዮ መድኃኒት እርስዎ ነዎት አሉ ያረጋገጡት። እውነት ይገድላል?»

«በላቦራቶሪ ገድሏል» አልሁት። እዚህ ላይ ባቆም ይሻል ነበር፤ አላቆምሁም። ሳህኑን አንሥቼ አሳየሁት። «ያንተንም ገድሎታል፤ ይኸውልህ።»

ሳህኑን አየው፣ ፈገግ አለ፣ አመሰገነኝ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ አልጋውን ባዶ አገኘችው። ዶክተር ብሩክ ማን ፈቀደለት ብሎ ሁላችንንም ጠየቀ። ሌሎቹ አናውቅም አሉ። እኔ ስላሳየሁት ሳህን ሳልነግረው ወደ ማይክሮስኮፔ ተመለስሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በትራክተር ተሳቢ ላይ፣ አንገረብ ላይ እንደተኛ አመጡት። እትዬ ፋጡማ ከራስጌው ተቀምጠው ነበር። ጨርቁ ሲፈታ ነርሷ ፊቷን አዞረች። አጥንቱ ይታያል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል። እኔ ስዋብ ይዤ ቆሜያለሁ። ጌታሰው አየኝ። በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ላክነው። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት፤ ሕይወቱ ተረፈ።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ እትዬ ፋጡማ የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቀሩ። አጥንት የነካ መሆኑን አይተው እንደነበር ጠየቅኋቸው። አይቻለሁ አሉኝ። በመጀመሪያው ቀን ሊመልሱት ነበር፤ እሱ ግን ላቦራቶሪው የራሱን ተህዋሲ ሲገድል በዓይኑ እንዳየ ነገራቸው። እሳቸውም ቀና ብለው የሰቀሉትን ወረቀት አዩ። የተማሩት ካሉ እኔ ማን ነኝ ብለው ያዙት።

ከእግሩ የወሰድሁትን መግል አበቀልሁት። ያው ተህዋሲ ነው። አባሎውን ጨመርሁበት፤ ያው ሰፊ ቀለበት ወጣ። ሳህኑ ላይ የሚሞት ተህዋሲ እግሩ ላይ ለምን አልሞተም የሚለውን ጥያቄ ይዤ ሁለት ቀን ዞርሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ገና መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ጉድጓድ ቆረጥሁ። በአንዱ አባሎውን፣ በሌላው ምንም ያልገባበትን አልኮል ብቻ ሞላሁ።

ጠዋት ሁለቱም ቀለበት ነበራቸው። ለካኋቸው፤ እኩል ናቸው።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ተህዋሲውን የገደለው አልኮሉ ነበር። አልኮል ያገኘውን ሁሉ ይገድላል፤ ለዚህ ምርምር አያስፈልግም። ወፍራሙ ፈሳሽ ሰፊ ቀለበት የሠራውም አልኮል ስለበዛበት ነው፤ የቀጠነውን በውኃ አቅጥኜው ነበርና። እትዬ ፋጡማ ደግሞ ልጡን የሚያፈሉት በውኃ ነው፤ በእሳቸው ድስት ውስጥ ጠብታ አልኮል የለም።

እንደገና ሠራሁት። አልኮሉ በሙሉ እስኪተን ድረስ አቆየሁት፣ የቀረውን በውኃ በጠበጥሁት፣ ከጎኑ ውኃ ብቻ ያለበት ጉድጓድ አኖርሁ። መድኃኒት በሚሰማው ተራ ተህዋሲ ላይ አባሎው ጠባብ ቀለበት ሠራ፤ ስለዚህ ልጡ ከንቱ አይደለም። በጌታሰው ተህዋሲ ላይ ግን ምንም አልሠራም። በአምስቱም ላይ ምንም። የትራክተር ሹፌሩን ያዳነው ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የጨው ውኃው፣ መቀሱ፣ በየቀኑ የሚለወጠው ንጹሕ ጨርቅ ነው። እኛ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚታጠበው በሦስት ቀን አንዴ ነበር።

ለዶክተር ብሩክ ነገርሁት። ሳህኑን አይቶ አስቀመጠው። ሌላ ሰው ይድገመው ብዬህ ነበር አለኝ። ቀጥዬ አቶ ሙሉቀን ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱ ስሕተት ነው፣ ማስተካከያ በማኅተም ይውጣና በየገበያው ይለጠፍ አልሁት። ውጤቱ ዞን ደርሷል፣ በእሱም ተመስግነናል፣ አሁን ስሕተት ነው ብንል በሌላው ሥራችንስ ማን ያምነናል አለ።

«ሰውየው እግሩ ተቆርጧል» አልሁት።

«እግሩን የቆረጠው ወረቀቱ አይደለም» አለኝ። «ማስተካከያህን ጻፍና ፋይል ውስጥ አስገባው።»

ጻፍሁት። ፋይል ውስጥ ገባ። ጡረታ በወጣሁበት ቀን እዚያው ነበር፤ ማኅተም አላረፈበትም።

ማኅተም ባላገኝም ሸሕዲ ሄድሁ። እትዬ ፋጡማ ዳሳቸውን ዘግተዋል፤ ድስቱ ተደፍቶ አንገረቡ ሥር ተቀምጧል። ስለ አልኮሉ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ቀለበቱ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳኋቸው።

«እኔ መቼ ይገድላል አልሁህ?» አሉ። «ቁስል ያደርቃል ነው ያልሁህ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ የምችለውንና የማልችለውን አውቅ ነበር። ያንን ያስረሳኸኝ አንተ ነህ።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አላህ ይቅር ይበለን አሉ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ ግን አላሉኝም። ወረቀቱን ከሚስማሩ አውርደው ሰጡኝ። ዳሳቸውን እንዳይዘጉ፣ ጨውና መቀሱ ለትንሹ ቁስል እንደሚበቃ ለመንኋቸው። እጄ ፈራ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቅመም ብቻ ሸጡ። አጫጆቹም ወደ ዱቄት ሻጮቹ ሄዱ፤ እነሱ ደግሞ አያጥቡም፣ አጥንት ነክቷል አልነካም ብለውም አያዩም።

በየሱቁ እየዞርሁ የተለጠፉትን ወረቀቶች ገነጠልሁ። አንዳንዱ ባለሱቅ አላገደኝም፤ አንዱ ገፍትሮ አስወጣኝ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማኅተም የሌለው ሰው ሊያስነሣው አልቻለም። በሳምንቱ ብመለስ ብዙዎቹ በአዲስ ተተክተዋል። ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት አባሎዎች ከሥር እስከ ቅርንጫፋቸው ዙሪያቸውን ተልጠው ነበር፤ በቀጣዩ ክረምት ብዙዎቹ ቅጠል አላወጡም።

ጌታሰው ከጎንደር ሆስፒታል ሲወጣ ዕቃውን ለመውሰድ ወደ ሸሕዲ መጣ። ሰምቼ ወደ አገሩ ሊሳፈር ሲል መናኸሪያ አገኘሁት። ክራንቹን ገና አልለመደውም፤ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ደግፎ አወጣው። ተከትዬው ገብቼ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርሁት። ያሳየሁት ቀለበት የአልኮል እንደነበር፣ መድኃኒቱ ከጎንደር በአራተኛው ቀን ደርሶ እንደነበር፣ አልጋውን ይዞ ቢቆይ እግሩ የመትረፍ ዕድል እንደነበረው ሳልደብቅ ነገርሁት። እስክጨርስ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

«ታዲያ አሁን እኔ ምን ላድርግልዎ?» አለኝ።

ረዳቱ ተሳፋሪ ያልሆነ ይውረድ አለ፤ ወረድሁ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠራሁ። ማንኛውንም ነገር ስመረምር ማሟሟያውን ፈሳሽ ብቻውን ከጎኑ አኖራለሁ፤ አጋር ካነሰኝ ሥራውን እተዋለሁ። ለምክር ወደ ላቦራቶሪው የሚመጣን በሽተኛ ወደ ሐኪሙ እመልሳለሁ። ሳህን ላይ የታየ ነገር ለበሽተኛ አይነገርም፤ መጀመሪያ ይደገማል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይደግመዋል፣ ከዚያም በኋላ ገና ሳህን ነው። ይህን ጎንደር በሥልጠናው ተምሬው ነበር። ያን ቀን የሚያስፈልገኝ አንድ ጉድጓድና ጥቂት ጠብታ አልኮል ብቻ ነበር።